አንድ ወገን ብቻ የሚሰማበት አልበም

ለጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፤

ግጥሙንም ዜማውንም ራሱ ደርሶ፣ ከጊታሩ በቀር ሌላ አጃቢ ሳያበዛ ስለ ፈረሰ ትዳሩ ያዜመ አንድ የፎክ (ከሕዝባዊ ዘፈን የመነጨ የሙዚቃ ስልት) ዘፋኝ ስላወጣው አልበም በኪነ ጥበብ ዓምዳችሁ የቀረበውን ሰፊ ጽሑፍ በጥሞና አንብቤዋለሁ። ጸሐፊው ለሙዚቃ ያላቸው ፍቅር ከአጻጻፋቸው ያስታውቃል። ይሁን እንጂ የጽሑፉ አብዛኛው ክፍል ዘፈኖቹ እንዴት እንደተሠሩ ከማስረዳት ይልቅ የቀድሞዋ ባለቤት ምን አጥፍታ እንደነበር በመገመት ላይ ያተኮረ ነው፤ ስንኞቹ እንደ ማስረጃ እየተጠቀሱ፣ መልስ የመስጠት ዕድል ያላገኘች ሴት በጋዜጣችሁ ገጽ ላይ ጥፋተኛ ተብላለች። እንዲህ ያለው አነባበብ የሴትዮዋን ክብር መንካቱ ሳያንስ አልበሙንም ያሳንሰዋል የሚል እምነት ስላለኝ ይህን ደብዳቤ ለመጻፍ ተገድጃለሁ።

ይህን የመሰለ አልበም እንደ ኑዛዜ የሚሰማን ያለ ምክንያት አይደለም። በፎክ ሙዚቃ ድምፅና ጊታር ለማይክሮፎኑ እጅግ ተጠግተው ስለሚቀረጹ፣ ዘፋኙ ስንኙን ከመጀመሩ በፊት የሚስበው ትንፋሽም ሆነ ጣቱ በክሩ ላይ ሲንሸራተት የሚያሰማው ድምፅ ሳይቀር ከአድማጩ ጆሮ ይደርሳል። ከበሮውና የትንፋሽ መሣሪያው በሌለበት ድምፁን የሚሸፍንለት ነገር የለም፤ አድማጩም በቅርብ ሆኖ የሚያዋየውን ሰው ይዋሸኛል ብሎ አይጠረጥርም። ነገር ግን ያ ቅርበት ራሱ ታስቦበትና ተለፍቶበት የመጣ ነው። ካናዳዊቷ ዘፋኝና የዘፈን ደራሲ ጆኒ ሚቸል እ.ኤ.አ. በ1971 ስላወጣችው «ብሉ» የተባለ አልበም ስትናገር፣ በዚያን ጊዜ ራሷን የምትከላከልበት አንዳች ነገር እንዳልነበራት ገልጻለች፤ ይህንን የምንጠራጠርበት ምክንያት የለም። ሆኖም ያ መጋለጥ ወደ እኛ የሚደርሰው በልጅነቷ የያዛት ፖሊዮ ግራ እጇን ስላደከመው ለራሷ እንዲመቹ አድርጋ ባበጀቻቸው የጊታር ቅኝቶች፣ ጉልበቷ ላይ አጋድማ በምትጫወተው ዱልሲመር በተባለው የክር መሣሪያና በፒያኖዋ በኩል ነው። ስለ ፍቅረኞቿ ማንነት ብቻ የሚያወራ ሐያሲ ይህን ሁሉ ሳይሰማ ያልፋል።

ነገሩን ከሁሉ ይልቅ ግልጽ የሚያደርገው ግን የአሜሪካዊው ዘፋኝ የቦብ ዲላን «ብለድ ኦን ዘ ትራክስ» የተባለው አልበም ይመስለኛል። ዲላን አልበሙን እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 1974 ኒው ዮርክ ውስጥ ቀርጾ ከጨረሰ በኋላ፣ ለገበያ ሊቀርብ ጥቂት ሲቀረው ሐሳቡን ለውጦ፣ በዚያው ዓመት ዲሴምበር መጨረሻ ላይ ከአሥሩ ዘፈኖች አምስቱን በሚኒያፖሊስ ከከተማዋ ሙዚቀኞች ጋር እንደ አዲስ ቀረጻቸው፤ አልበሙም በጃንዋሪ 1975 ወጣ። (ሽፋኑ አስቀድሞ ታትሞ ስለነበር የእነዚያ ሙዚቀኞች ስም አልሰፈረበትም፤ በዚህ አልበም የተነሣ ተበድሏል የሚባል ሰው ከተፈለገ እኔ በቅድሚያ የማስበው እነርሱን ነው።) «ታንግልድ አፕ ኢን ብሉ» በተባለው የመክፈቻ ዘፈን፣ በኒው ዮርኩ ቅጂ ዝናብ እየወረደበት መንገድ ዳር የቆመው ሰው «እሱ» ነበር፤ ከወራት በኋላ በሚኒያፖሊሱ ቅጂ «እኔ» ሆነ። «ኢዲየት ዊንድ»ም ኒው ዮርክ ላይ በዝግታና በለሆሳስ የተዜመ የሐዘን ዘፈን ሳለ፣ በሁለተኛው ቀረጻ የሚያንባርቅ ቁጣ ሆኖ ወጣ። የዓምዳችሁ ጸሐፊ ቢሆኑ ከሁለቱ የትኛውን ነው የባልየው ቃል አድርገው የሚመዘግቡት? ባለታሪኩን ከ«እሱ» ወደ «እኔ» የሚለውጥ ምስክር በየትኛውም ችሎት ተዓማኒነት አያገኝም፤ ለዘፈን ደራሲ ግን ይህ የዘወትር ሥራው ነው። ዲላን ራሱ አልበሙ ስለ ትዳሩ ነው መባሉን አልተቀበለም። እውነቱን ለመናገር እኔም ማስተባበያውን ሙሉ በሙሉ አላምነውም፤ ያም ሆኖ እሱን አለማመኔ ስለ ሚስቱ አንዳች ነገር እንዳውቅ አያደርገኝም።

ምናልባት የሁለቱም ወገን ድምፅ ያለበት አልበም ቢገኝ ፍርድ መስጠት ይቻላል የሚል አንባቢ ይኖር ይሆናል። እንዲህ ያለ አልበም አለ፤ ብሪታንያውያኑ ዘፋኞች ሪቻርድና ሊንዳ ቶምፕሰን እ.ኤ.አ. በ1982 ያወጡት «ሹት አውት ዘ ላይትስ» ነው። ባልና ሚስቱ ተራ በተራ እየገቡ ይዘፍናሉ፤ አልበሙ ሲወጣ ትዳራቸው ፈርሶ ስለነበርና አሜሪካ ውስጥ በየመድረኩ አብረው የዘፈኑትም ከተለያዩ በኋላ ስለሆነ፣ ብዙ ሰው የፍቺያቸው ማስታወሻ አድርጎ ያዳምጠዋል። የሥራው ቅደም ተከተል ግን ይህን አይደግፍም። አብዛኞቹ ዘፈኖች አስቀድሞ በ1980 በጌሪ ራፈርቲ ፕሮዲዩሰርነት ተቀርጸው ሳይወጡ የቀሩ ናቸው፤ በ1981 ከሌላ ፕሮዲዩሰር፣ ከጆ ቦይድ ጋር እንደገና ሲቀረጹም ሊንዳ ነፍሰ ጡር ነበረች። ከዚህ የሚበልጠው ደግሞ፣ «ዎኪንግ ኦን ኤ ዋየር» በተባለው ዘፈን ከሊንዳ አንደበት የምንሰማው የደከማት ሴት ምሬት በሪቻርድ የተደረሰ መሆኑ ነው። ሚስት ባሏን የምትወቅስበትን ቃል የጻፈላት ባሏ ከሆነ፣ ከሳሹ ማን፣ ተከሳሹ ማን እንደሆነ እንዴት ይለያል? ሊንዳ በበኩሏ ግጥሙን ሳታጋንንና ሳታለቅስበት፣ እያንዳንዱን ቃል እንደሚከብድ ዕቃ እያስቀመጠች ስለምታዜመው፣ ደራሲው ከጻፈው በላይ የሆነ ነገር ይሰማበታል። ሐያሲ ሊያስረዳን የሚገባው ይህ ከየት እንደመጣ ነው፤ በቃላቱ ላይ የድምፅዋ ውፍረት ምን እንደጨመረ፣ ጊታሩ በስንኞቹ መካከል ገብቶ ምን እንደሚመልስላት፣ ዘፈኑ ከአልበሙ መጀመሪያ አካባቢ መቀመጡ በቀሪዎቹ ላይ ምን ጥላ እንደሚጥል።

የአንድን ዘፋኝ ሕይወት ፈጽሞ አታንሡ ማለቴ እንዳልሆነ ግልጽ ይሁንልኝ። ትዳር መፍረሱን ዘፋኙ ራሱ ከተናገረ ዜና ነው፤ መዘገቡም ተገቢ ነው። የምጠይቀው፣ ወደፊት እንዲህ ያለ አልበም ሲገመገም ግጥሞቹ መቼ እንደተጻፉ፣ በማን እጅ እንደተቀረጹ፣ ዘፈኖቹ በምን ቅደም ተከተል እንደተደረደሩና የትኞቹ ስንኞች ከስሜት ይልቅ ለቤት መምቻ ሲባል ብቻ እንደገቡ አንባቢ እንዲያውቅ ነው። ስለ ቀድሞዋ ባለቤት መጻፍ የግድ ከሆነም፣ ጽሑፉ ከመውጣቱ በፊት ስልክ ተደውሎላት ሐሳቧ ይጠየቅ፤ መናገር ካልፈለገች ደግሞ ፎቶግራፏ ከገጹ ይውጣ።

ከአክብሮት ጋር
የዘወትር አንባቢያችሁ