የካሉብ ጋዝ ባጃጅ ውስጥ አይገባም

ይድረስ ለአዘጋጁ፣

ሰሞኑን ሶማሌ ክልል፣ ኦጋዴን ውስጥ ስላለው የካሉብ ጋዝ በጻፋችሁት ላይ ቅር ያለኝ ነገር አለ። ጋዙንና ድፍድፍ ነዳጁን ደባልቃችሁታል። ማደያ ስንሰለፍ አንድ ባለባጃጅ ዜናውን ስልኩ ላይ እያሳየኝ፣ «ጋሼ፣ ከእንግዲህ ሰልፍ ቀረልን ማለት ነው?» አለኝ። ምን ልበለው?

ካሉብ ያለው ጋዝ ነው። በ1960ዎቹ አጋማሽ ቴኔኮ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ቆፍሮ ያገኘው ጋዝ ነው፤ መስከረም 22 ቀን 2018 ዓ.ም. የተመረቀውም የጋዝ ፋብሪካ ነው። ጋዙ ከዜሮ በታች እስከ 162 ዲግሪ ቀዝቅዞ ፈሳሽ ይሆንና በመኪና ይጫናል። በዓመት 111 ሚሊዮን ሊትር ተብሏል። ሞተሩ ለዚህ የተሠራ ከባድ መኪና ይሄድበታል። የልጁ ባጃጅ ግን ያው ቤንዚኗን ትጠብቃለች።

ድፍድፉማ ሌላ ታሪክ ነው። ሰኔ 2010 ላይ እዚያው ኦጋዴን በሙከራ በቀን 450 በርሜል ይወጣል ሲባል ስንቱ ጮቤ ረገጠ። እስቲ እናስላው። አንድ በርሜል 159 ሊትር ነው። ጠቅላላው 71,550 ሊትር ይመጣል፤ ሁለት ባለተሳቢ ቦቴ በወጉ አይሞላም። እሱም ያልተጣራ ነው። ድፍድፍ ያጣራልን የነበረው የአሰቡ ማጣሪያ ደግሞ ድሮ ቀረ።

ከመሬት ሥር የነዳጅ ሐይቅ የተኛ የሚመስለው ሰውም ብዙ ነው። ጋዙ ያለው ድንጋይ ውስጥ ነው። ከያዙት አለቶች አንዱን ጂኦሎጂስቶች የአዲግራት አሸዋ ድንጋይ ይሉታል። ገራልታ ብዙዎቹ ውቅር አብያተ ክርስቲያናት የተፈለፈሉበት ያ ቀይ ድንጋይ ማለት ነው። እዚያ ገደል ሆኖ ይታያል፤ ኦጋዴን ግን ኪሎ ሜትሮች ወርዶ ተቀብሯል። ጋዙ በአሸዋው ቅንጣቶች መሃል ታቁሯል፣ ጥቅጥቅ ያለ አለት ከላይ ከድኖታል። ጉድጓዱ ሲከፈት በራሱ ግፊት ይወጣል። ግፊቱ ሲቀንስ ምርቱም ይቀንሳል፣ ከሥር ያለው ሁሉ አይወጣም። ስለዚህ የሙከራ ሰሞን ቁጥር ይዞ ለዓመታት ማባዛት አያዋጣም።

ጋዙን ማጣጣሌ አይደለም። ዩሪያ የሚባለው ማዳበሪያ የሚሠራው ከዚሁ ነው፤ ገበሬው በየክረምቱ ማዳበሪያ ፍለጋ የሚያየውን አበሳ ታውቁታላችሁ። እስቲ ጎዴ ለሚታሰበው የዩሪያ ፋብሪካ ከካሉብና ከጎረቤቱ የጋዝ ቦታ ከሂላላ በቀን ምን ያህል ጋዝ እንደሚያስፈልግ፣ ጉድጓዶቹም ያንን ስንት ዓመት ሊሰጡ እንደሚችሉ የሚመለከታቸውን ጠይቁልን።

አንባቢያችሁ
ከአዲስ አበባ