6888ኛውን ሻለቃ ጦር ያዘዘችው ጥቁር ሴት ናት

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ አውሮፓ ስለዘመተው የአሜሪካ ጥቁር ሴቶች ክፍል፣ ስለ 6888ኛው የፖስታ ሻለቃ ጦር፣ ያወጣችሁትን ዘገባ ሳይ መጀመሪያ ደስ ብሎኝ ነበር። ስለ እነዚህ ሴቶች በአማርኛ የሚጽፍ ብዙ ሰው የለም። ሦስተኛው አንቀጽ ላይ ስደርስ ግን ደሜ ፈላ። “በነጭ መኮንኖች አመራር ሥር ሆነው ደብዳቤ የለዩ ጥቁር ሴቶች” ይላል።

የትኛው ነጭ መኮንን? እስቲ ስሙን ንገሩን። ሻለቃ ጦሩን ያዘዘችው ሻለቃ ቻሪቲ አዳምስ ናት። ጥቁር ሴት ናት። ከሥሯ የነበሩት መኮንኖችም ጥቁር ሴቶች ነበሩ። ይህን ለማጣራት ምርመራ አያስፈልግም፤ ዘገባው ላይ የለጠፋችሁት ፎቶ ራሱ ይናገራል። ሰልፉን እየቃኘች ከፊት የቆመችው ማን መሰለቻችሁ?

“ትንሽ ስህተት ናት፣ እለፊያት” ያሉኝ አሉ። አላልፋትም። ሴትዮዋ ጦር ፍርድ ቤት ልትቆም የነበረው በዚህችው ነገር ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። እ.ኤ.አ. በ1945 መጀመሪያ ላይ እንግሊዝ አገር በርሚንግሃም ሲደርሱ፣ አውሮፓ ላሉ ወታደሮች የተላከው ደብዳቤና ጥቅል በሚሊዮን ተከምሮ ጠበቃቸው። መጋዘኑ ማሞቂያ የለውም። የአየር ድብደባን በመፍራት መስኮቱ ሁሉ በጥቁር ቀለም ተቀብቷል። ሴቶቹ ካፖርታቸውን ሳያወልቁ ነበር የሚሠሩት። ከቤት የተላከ ኬክ ጥቅሉ ውስጥ ሻግቶ አይጥ ይቦጠቡጠው ነበር። ሮበርት ስሚዝ የሚባል ወታደር ብቻ ከ7,500 በላይ ነበር፤ አንዱን ሮበርት ከሌላው የሚለዩት በመለያ ቁጥሩ ነው። ለዚህም ሰባት ሚሊዮን ገደማ የወታደር መረጃ ካርድ አዘጋጁ። ቀንና ሌሊት በሦስት ፈረቃ፣ በአንድ ፈረቃ 65,000 ያህል ደብዳቤ እያስተናገዱ፣ ስድስት ወር ይፈጃል የተባለውን በሦስት ወር ጨረሱት።

ታዲያ አንድ ጄኔራል ለጉብኝት መጣና ሁሉም ሴቶች ለምን አልተሰለፉም ብሎ ተቆጣ። እሷም አስረዳችው፤ ገሚሱ ሥራ ላይ ነው፣ ገሚሱ ሌሊት ሠርቶ ተኝቷል። ጄኔራሉ ግን ይህን ክፍል እንዴት እንደሚመሩት የሚያሳይሽ ነጭ መቶ አለቃ እልካለሁ አላት። አስቡት፤ ለሻለቃ፣ መቶ አለቃ! መልሷ አጭር ነበር፦ “ሬሳዬን ተራምደው ካልሆነ አይሆንም፣ ጌታዬ።” ጦር ፍርድ ቤት አቆምሻለሁ ብሎ ዛተ። እሷም ከመኮንኖቿ ጋር ተቀምጣ፣ የዘር ልዩነትን የሚያራግብ ንግግር ተናግሯል ብላ በራሱ በጄኔራሉ ላይ ክስ አዘጋጀች። ጄኔራሉ ነገሩን ተወው።

እንግዲህ እናንተ በአንድ ዓረፍተ ነገር ያንን ነጭ መቶ አለቃ ላካችሁባት። ጄኔራሉ ያልቻለውን ጋዜጠኛ ቻለው። ያናደደኝ ይህ ነው።

ሌላም አለ። የጦር ሰፈሩ ስም እ.ኤ.አ. በ2025 “ወደ ቀድሞው ተመለሰ” ብላችሁ አለፋችሁ። የማን ስም ተነስቶ እንደተመለሰ ግን አልጻፋችሁም። ቨርጂኒያ ያለው ፎርት ሊ እ.ኤ.አ. በ2023 ፎርት ግሬግ-አዳምስ ተብሎ ነበር። አዳምስ እሷ ናት። ግሬግ ደግሞ ጥቁሩ ሌተና ጄኔራል አርተር ግሬግ ነው። ጦሩ ስሙን ሲመልስ፣ የአሁኑ ሊ በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ለባርነት የተዋጋው ጄኔራል ሮበርት ሊ ሳይሆን ፊትዝ ሊ የሚባል ጥቁር ወታደር ነው ብሏል። ይህንንም አልጻፋችሁም። አንባቢ ግማሹን ይዞ ነው የሚቀረው።

ይህን ሰፈር አውቀዋለሁ። የደሴ ልጅ ነኝ፤ በአሜሪካ ጦር በስንቅና ትጥቅ አገልግያለሁ፤ የሠለጠንኩትም እዚያው ነው። ኩዌት ሳለሁ እናቴ የላከችልኝ ቆሎ ካርቶኑ ተጨፍልቆ፣ ቴፑ ተልጦ ደረሰኝ። ከረጢቱን ስከፍተው የቤታችን ሽታ ወጣ፤ ሥራ ላይ መሆኔን ረስቼ አለቀስኩ። ደብዳቤና ጥቅል ለወታደር ምን እንደሆነ የሚነግረኝ ሰው አያስፈልገኝም። “ደብዳቤ የለዩ” ተብሎ እንደ ቀላል ሥራ ሲወራ ዝም ማለት የማልችለውም ለዚህ ነው።

ዘገባችሁ መጨረሻ ላይ ጦሩ ውስጥ ያገለገሉ የሀበሻ ልጆችን አነጋግሯል። ሁሉም ወንዶች ናቸው። ወንድሞቼ ናቸው፣ አከብራቸዋለሁ። ግን አንዲት ሴት ጠፋች? እኔ እንኳን በቅርብ የማውቃቸው ሴቶች አሉ፤ ነርሷ፣ መካኒኳ፣ የከባድ መኪና ሾፌሯ። አንድ የኮሚኒቲ ዝግጅት ላይ የቀድሞ ወታደሮች የምስጋና ወረቀት ሲሰጠን ወንዶቹ እያንዳንዳቸው በማዕረጋቸው ተጠሩ። እኔ ስጠራ “እህታችን” ተባልኩ። ከመድረክ ስወርድ ደግሞ አንድ ትልቅ ሰው “ባለቤትሽ የትኛው ክፍል ነበር?” ብለው ጠየቁኝ። እህታችን መባል አልጠላም። ግን ሃምሳ አለቃ ነኝ፤ ማዕረጉንም የሰጠኝ ባለቤቴ አይደለም።

እነዚያ ሴቶች የኮንግረስ የወርቅ ሜዳሊያ እንዲሰጣቸው የተወሰነው እ.ኤ.አ. በ2022 ነው። አዛዣቸው እ.ኤ.አ. በ2002 አርፋለች፤ ይህን አላየችም። ከሞተች በኋላ አዛዥነቷን እናንተ አትንጠቋት።

የምጠይቀው ይህ ነው። ማስተካከያው ማንም በማያየው ጥግ ሳይሆን በዚያው ዘገባ አናት ላይ ይውጣ። “በነጭ መኮንኖች አመራር” የሚለው ይሰረዝ። ከጦሩ የወጣችው በሌተና ኮሎኔልነት ስለሆነም ስሟ ከነማዕረጉ ይጻፍ፦ ሌተና ኮሎኔል ቻሪቲ አዳምስ። በሚቀጥለው ዘገባችሁ ደግሞ ሴቶቹን አነጋግሩ። ስልካቸውን ከፈለጋችሁ፣ አስፈቅጄ እሰጣችኋለሁ።

የቀድሞ ሃምሳ አለቃ፣ ከአሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ