ልጅሽና «ሊተራሊ»

ይድረስ ለውድ ጓደኛዬ፤

እንደምን ከርመሽልኛል? ባለቤትሽ፣ ልጆቹ፣ ሁሉም ደህና? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ይሄን ያህል መጠፋፋታችን ግን ደግ አይደለም። በጣም ናፍቀሽኛል።

ያኔ በስልክ ስናወራ በትልቋ ልጅሽ ተማርረሽ ነበር። አፏን በከፈተች ቁጥር «ሊተራሊ» የሚለውን የእንግሊዝኛ ቃል ትላለች፤ «ሊተራሊ በሳቅ ሞትኩ» ትላለች ብለሽኝ። እንግሊዝኛ አስተማሪ አይደለሁ? ነገሩ ከአእምሮዬ አልወጣ አለ። እባክሽ ልጅቷን አትቆጫት።

ቃሉ ከላቲን የመጣ ነው፤ «ሊተራ» ፊደል ማለት ነው። ስለዚህ መጀመሪያ «ልክ እንደተጻፈው፣ ቃል በቃል» ለማለት ነበር የሚያገለግለው። ለማጋነን መዋሉም ቢሆን የዛሬ ልጆች ያመጡት አይደለም። እንደ ፈረንጆቹ በ1769 በታተመ ልቦለድ ውስጥ አለ። አሜሪካዊው ደራሲ ማርክ ትዌይንም በ1876 በልቦለዱ ስላለው ልጅ ስለ ቶም ሶየር ሲጽፍ፣ ሌሎች ልጆች ዕቃ እየሰጡት አጥሩን ቀብተውለት ከሰዓት በኋላ «ሊተራሊ» ሀብት ላይ ይንከባለል ነበር ይላል። ሀብቱ ምን መሰለሽ? ብይ፣ የበር እጀታ፣ አንድ ዓይና የድመት ግልገል! የሜሪያም ዌብስተር መዝገበ ቃላት ይህን አጠቃቀም የመዘገበው በ1909 ነው። ሆኖም በ2013 ሰዉ በኦክስፎርድም እንዳለ ሲያይ፣ እንግሊዝኛ አለቀለት ብሎ ጮኸ።

እኔን የሚገርመኝ «ቬሪ» ነው። ድሮ «እውነተኛ» ማለት ነበር፤ እሱም ሥሩ ላቲን ነው። ዛሬ «በጣም» ከማለት አያልፍም። «በእውነት» ማለት የነበረው «ሪሊ»ም በዚያው መንገድ ሄዷል። ሰው እንዲያምኑት ሲፈልግ «እውነቴን ነው» ይላል። ሲደጋገም እውነትነቱ ይሳሳና ማጉያ ብቻ ይሆናል። እኛስ «የምር በሳቅ ሞትኩ» እንል የለ?

አንድ ነገር ግን ያሳስበኛል። «ቃል በቃል፣ ያለ ማጋነን» ለማለት በእንግሊዝኛ ይህን ያህል አጭርና ጥርት ያለ ሌላ ቃል አላገኘሁም። «ሰውየው ሊተራሊ ጎዳና ላይ ወደቀ» ብላ ብትጽፍ፣ ቤት አጣ ነው ወይስ አደናቀፈው? አንባቢው ግራ ይጋባል። ስለዚህ ከጓደኞቿ ጋር እንደልቧ ትበል። ለትምህርት ቤት ስትጽፍ ግን ቃሉን ከዓረፍተ ነገሩ አውጥታ የቀረውን ታንብበው። ትርጉሙ ካልተለወጠ ቃሉ ይቅር፤ ከተለወጠ ቦታው ነው።

አንብቢላትና ምን እንዳለች ጻፊልኝ። ደግሞ ለገና ትመጪ እንደሆነ ንገሪኝ፤ እናቴ ሁሌ ትጠይቀኛለች።

የምትወድሽ ጓደኛሽ