90 ክኒን በመዝገብ፣ 10 ክኒን በእጅ፦ ለወረዳችን ጤና ጽሕፈት ቤት ኃላፊ የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ክቡር ኃላፊ፣

በቃል ነግሬዎታለሁ። በማመልከቻም ጽፌያለሁ፤ ማመልከቻዬ መዝገብ ቤት ገብቶ ቁጥር ተሰጥቶታል። ከዚያ ወዲህ ግን "ስብሰባ ላይ ናቸው፣ ነገ ይመለሱ" ከማለት በቀር መልስ የሰጠኝ የለም። ስለዚህ አሁን በአደባባይ እጽፋለሁ። የወረዳዋን ስም አልጠራም። ብጠራው መጀመሪያ የምትቀጣው በቀበሌው ጤና ኬላ ብቻዋን የምትለፋው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ እንደምትሆን አውቃለሁ። ጎጃም ውስጥ ናት፤ ያ ይበቃል። ስለየትኛው መዝገብ እንደማወራ እርስዎ ከማንም በላይ ያውቃሉ።

ነገሩ ይህ ነው። ታናሽ እህቴ ነፍሰ ጡር በነበረችበት ጊዜ ደም ማነስን የሚከላከለውን የአይረን ክኒን 90 ወስዳለች ይላል መዝገቡ። የተሰጣት 10 ነው። አንድ ቅጠል ብቻ። በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ ቤቷ አምጥታ፣ ማታ ማታ ከራት በኋላ አንዳንድ ፍሬ እየዋጠች ጨረሰችው። ሲያልቅ ተመልሳ ሄደች። "አልቋል፤ ከግል መድኃኒት ቤት ግዢ" አሏት። ወሩ ነሐሴ ነበር። ያለፈው ዓመት ጤፍ ተሽጦ ለማዳበሪያ ተከፍሏል፣ አዲሱ ገና ቡቃያ ነው። በነሐሴ ገበሬ ቤት ገንዘብ እንደሌለ ጎጃም ላደገ ሰው አይነገረውም። ሳትገዛ ቀረች።

የክትትል ካርዷን በዓይኔ አይቼዋለሁ። የሦስት ቀጠሮ ክኒን በአንድ እስክሪብቶ፣ በአንድ እጅ ጽሑፍ፣ በአንድ ጊዜ ተሞልቷል። 30፣ 30፣ 30። እህቴ ማንበብ ስለማትችል ካርዷ ምን እንደሚል አታውቅም ነበር።

ማን እንደሞላው አልጠይቅም። ለምን እንደተሞላ ግን እጠይቃለሁ። ጤና ኬላው በየወሩ ሪፖርት ይልካል። ጤና ጣቢያው ደግሞ በየሁለት ወሩ የመድኃኒት ሪፖርትና መጠየቂያ ቅጽ ይሞላል። ቅጹ መድኃኒቱ ስንት ቀን እንደጠፋ የሚጻፍበት ቦታ አለው። ያ ቦታ ባዶ ከታለፈ እጥረቱን ከላይ ሆኖ የሚያየው የለም፤ ማንም ካላየው ደግሞ የሚልክ የለም። እውነቱን የጻፈች ሠራተኛ ግምገማ ላይ ቆማ "አፈጻጸምሽ ለምን ወረደ?" ትባላለች። 90 ብላ የጻፈች ትመሰገናለች። ይህን አሠራር ያመጣችው ጤና ኬላ ላይ ያለችው ልጅ አይደለችም። ግምገማውን የሚመሩት እርስዎ ነዎት።

አቤቱታዬን ይዤ ስመጣ ባለሙያዎ ኮምፒውተሩን ከፍቶ አየና "ሪፖርቱ ላይ ክፍተት የለም" አለኝ። እህቴን ጠርቶ ልጠይቃት አላለም። ካርዷንም አላየም። እንዲህ ዓይነቱን መልስ መቀበል አልቻልኩም።

በመስከረም ልጠይቃት ስሄድ ቤት ውስጥ ተቀምጣ የግድግዳውን ምርግ በጥፍሯ እየፋቀች ስትበላ አገኘኋት። ጣቷ ነጭ አቧራ ለብሷል። ግድግዳው አልጋዋ አጠገብ ጎድጉዷል። አማቷ "አምሮት ነው፣ ያልፍላታል" አሉኝ። እሳቸውን አልወቅስም፤ በእሳቸው ዘመንም ሰው ሁሉ የሚያውቀው ይህንኑ ነው። ነገር ግን አፈር ማማር ብዙ ጊዜ የአይረን እጥረት ምልክት ነው። የታችኛውን የዓይኗን ቆብ ዝቅ አድርጌ አየሁት። ቀይ መሆን የነበረበት ነጭ ሆኗል። ከምንጭ ውሃ ይዛ ስትመጣ ዳገቱ መሃል ላይ ቁጭ ትል ነበር። ይህን ለማየት ላቦራቶሪ አያስፈልግም። ዓይን ቆብና መዳፍ ማየት፣ "አፈር ያምርሻል ወይ?" ብሎ መጠየቅ በቂ ነው። በቀጠሮዋ ሁሉ የጠየቃት የለም።

በኅዳር ወለደች። ደም ፈሰሳት። አምቡላንስ ተጠርቶ ሆስፒታል ስትደርስ ሄሞግሎቢኗ፣ ማለትም ኦክስጅን የሚሸከመው የደሟ ክፍል፣ ከ7 በታች ነበር። የነፍሰ ጡር ሴት ከ11 በታች ሲሆን ደም ማነስ ይባላል፤ ከ7 በታች ከባድ የሚባለው ነው። ደሟ ያልተጎዳ እናት የምትቋቋመውን የደም መፍሰስ እንዲህ ያለችው አትቋቋመውም። ወንድማችን ደም ሰጣት፣ ሌላም ደም ተገኘላት፣ ተረፈች። ፈጣሪ ይመስገን። ሕፃኗ ስትወለድ ከ2 ኪሎ ተኩል በታች ነበረች።

እኔ የሳይንስ መምህርት ነኝ እንጂ ሐኪም አይደለሁም። ይህን እርስዎ እንደሚያውቁት አምናለሁ፤ ደብዳቤውን ለሚያነቡት ሌሎች ስል ግን ልጻፈው። አይረን በደማችን ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመው የሄሞግሎቢን አካል ነው። ሴት ስታረግዝ የደሟ መጠን በግማሽ ያህል ይጨምራል። ፅንሱም የራሱን ደም ይሠራል። በዚያ ላይ በመጨረሻዎቹ ሦስት ወራት ከእናቱ አይረን እየወሰደ በጉበቱ ያከማቻል። ከተወለደ በኋላ የሚኖረው በዚያ ስንቅ ነው። የእናት ጡት ወተት ምትክ የሌለው ምግብ ነው፤ አይረኑ ግን ጥቂት ነው። ስንቁ ስድስት ወር አካባቢ ያልቃል። እናቱ ባዶ ከነበረች፣ ወይም ቀኑ ሳይደርስ አለዚያም ክብደቱ ዝቅ ብሎ ከተወለደ፣ ከዚያም ቀድሞ ያልቃል።

የሚያንገበግበኝ ደግሞ ይህ ነው። አይረን የሚያስፈልገው ለደም ብቻ አይደለም። አንጎል የሚገነባውም በእሱ ነው። የነርቭ መስመሮች የሚሸፈኑበት፣ የአንጎል ሕዋሳት መልእክት የሚለዋወጡባቸው ኬሚካሎች የሚሠሩበት ጊዜ እርግዝናውና የመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት ነው። በዚያ ጊዜ ከባድ የአይረን እጥረት የደረሰባቸውን ሕፃናት ለዓመታት የተከታተሉ ተመራማሪዎች፣ የደም ማነሱ በሕክምና ከተስተካከለ በኋላም በአንዳንዶቹ ላይ የትምህርትና የትኩረት ችግር እንደቀረ አይተዋል። ስለዚህ "ክኒኑ በሚቀጥለው ወር ይመጣል" የሚለው መልስ ለነፍሰ ጡር ሴት መልስ አይደለም። የሚቀጥለው ወር የልጇን የስንቅ ወር አሳልፎ ነው የሚመጣው። እኔ በየዓመቱ አዲስ ተማሪ እቀበላለሁ። ከኋላ ወንበር ተቀምጦ የሚያንቀላፋውን፣ የነገርኩት አልይዘው የሚለውን ልጅ ሳይ፣ ያኔ እናቱ በነሐሴ ምን ተብላ እንደተመለሰች ማሰብ ጀምሬያለሁ።

በቀበሌ ስብሰባ ላይ ከጽሕፈት ቤትዎ የመጣ ሰው ተነስቶ "ጎጃም የጤፍ አገር ነው፤ ጤፍ ደግሞ አይረን ሞልቶታል፤ ችግሩ የግንዛቤ ነው" ብሎ ነበር። ጤፍ አይረን እንዳለው እውነት ነው። ግን ሲለካ ከሚገኘው ብዙው በአውድማ ላይ በበሬ ሲወቃ ከአፈር የሚቀላቀል ነው፤ ሰውነት የዚያን ያህል አይጠቀምበትም። እህሉ ውስጥ ያለውንም ቢሆን ፋይቴት የሚባለው ንጥረ ነገር ይይዘዋል። ሊጡ በእርሾ በደንብ ሲቦካ ፋይቴቱ ይቀንሳል፤ እናቶቻችን ሦስት ቀን የሚያቦኩት ይጠቅማል። ነገር ግን ለነፍሰ ጡር በቀን የሚመከረው 27 ሚሊግራም አይረን ነው። እንጀራ በሽሮ ብቻ ያንን አይሞላም። ክኒኑ 60 ሚሊግራም አይረንና 400 ማይክሮግራም ፎሊክ አሲድ ይዞ የሚሰጠውም ለዚሁ ነው። ደግሞም በነጻ ነው የሚሰጠው። የእናቶች አገልግሎት ነጻ መሆኑን በጤና ጣቢያው በር ላይ የለጠፋችሁት እናንተው ናችሁ።

ግንዛቤ ካሉ ግን ሊነገር የሚገባው ሞልቷል። ከምግብ ጋር ወይም ምግብ እንደተበላ የሚጠጣ ቡና ከእህልና ከአትክልት የሚገኘውን አይረን ሰውነት እንዳይወስደው ያግደዋል። ሻይ ደግሞ ይብሳል። ቡናው ይቅር የሚል የለም፤ ጎጃሜን ቡና ተው ብሎ የሚሰማው አይገኝም። ከምግቡ አንድ ሁለት ሰዓት ይራቅ ብቻ። ሎሚ፣ ጥሬ ቃሪያ፣ ቲማቲም አብሮ ሲበላ ደግሞ ከጎመኑና ከምስሩ የሚገኘው አይረን በደንብ ይወሰዳል። ሥጋና ጉበት ከሁሉም ይበልጣሉ። ሥጋው ቤታችን የሚገባው በዓመት በዓል ነው፤ ዶሮዋም ቅዳሜ ገበያ ትወጣለች። ከሰባት እስከ አሥራ ሁለት ወር ያለ ሕፃን በቀን 11 ሚሊግራም አይረን ይመከርለታል። ለአባቱ የሚመከረው 8 ነው። በክንድ የምትታቀፍ ልጅ በሬ ጠምዶ ከሚያርስ አባቷ የበለጠ ያስፈልጋታል ማለት ነው። ይህን የነገረን የለም። በጾም ወራት ዕቃው እንዳይነካ ተብሎ ሕፃኑም ነፍሰ ጡሯም አብረው ይጾማሉ። ቤተ ክርስቲያን ሕፃናትን ጹሙ አትልም፤ ለነፍሰ ጡርና ለምታጠባም ትራራለች። የንስሐ አባቶችን ሰብስባችሁ ብታነጋግሩ ከየትኛውም ፖስተር የበለጠ ይሰማሉ።

ክኒኑም ሲሰጥ ዝም ተብሎ አይሰጥም። ሰገራ ያጠቁራል፣ ማቅለሽለሽና ድርቀት ያመጣል። ቀድሞ ካልተነገራት ሴትዮዋ ሆዷ ውስጥ የሆነ ነገር የተበላሸ ይመስላታል፤ ትተወዋለች። በመንደራችን "ልጁን ያገዝፈዋል፣ ምጥ ያከብዳል" እየተባለ ይወራል። ወሬውን የሚያጠፋው እዚያው ቁጭ ብሎ ማስረዳት ነው።

እህቴ አንዲት ሴት ናት ሊሉ ይችላሉ። በ2008 ዓ.ም. የተደረገው የኢትዮጵያ ሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከስድስት ወር እስከ አምስት ዓመት ካሉ ሕፃናት ከ100ው 57ቱ ደም ማነስ እንዳለባቸው አሳይቷል። በመጨረሻ እርግዝናቸው ክኒኑን ለ90 ቀንና ከዚያ በላይ የወሰዱት እናቶች ከ100ው 5 ብቻ ነበሩ። በክልላችን ከ100 ሕፃናት 46ቱ የቀነጨሩ፣ ቁመታቸው ለዕድሜያቸው ያጠረ ነበሩ። መንግሥት በ2007 ዓ.ም. የሰቆጣ ቃል ኪዳንን ሲገባ ከሁለት ዓመት በታች ያሉ ሕፃናት መቀንጨር እስከ 2022 ዓ.ም. ይቁም ብሎ ነው። ጊዜው እየደረሰ ነው። በወረዳችን ሪፖርት ግን እናቶች ሁሉ 90 ወስደዋል።

መንገድ መዘጋቱን ምክንያት እንደሚያደርጉት አውቃለሁ። የመንገዱን ነገር እኔም አላጣሁትም፤ እዚሁ ነው የምኖረው። ነገር ግን ቢራና ለስላሳ በዚያው መንገድ ይገባል። በግል መድኃኒት ቤቱም ክኒኑ ነበረ። ጤና ጣቢያው የውስጥ ገቢ አለው፤ ሲጎድል ከዚያ መግዛት ይችላል። ያልገዛው "ጎድሏል" የሚል ወረቀት ስለሌለ ነው።

የምጠይቀው ብዙ አይደለም። መዝገቡን ይዘው ቤት ለቤት ይሂዱ፤ 90 የተባለላቸውን እናቶች ስንት እንደደረሳቸው ራሳቸውን ይጠይቋቸው። እውነቱን የምትናገር የኤክስቴንሽን ሠራተኛ እንዳትቀጣ በጽሑፍ ያሳውቁ። ጎድሎ ከሆነ "ጎድሏል" ተብሎ ይጻፍ። በማዋለጃ ክፍሉም ልጁ እንደወጣ እትብቱን ለመቁረጥ አይቸኩሉ፤ ቢያንስ 1 ደቂቃ ቢታገሡ ከእንግዴው ወደ ሕፃኑ የሚያልፈው ደም ለወራት የሚሆን አይረን ይጨምርለታል። ይህ በጀት አይጠይቅም።

የእህቴ ልጅ አሁን የአይረን ሽሮፕ እየወሰደች ነው፤ ሆስፒታል ደሟ ተለክቶ አንሶ ተገኝቷል። የጠፋው ይመለስ እንደሆነ ሐኪሙን ጠይቄው "አሁን የሚቻለውን እናድርግ" አለኝ። እያደረግን ነው።

ባለፈው ቅዳሜ ገበያ ላይ ከዚያው ቀበሌ የመጣች የአምስት ወር ነፍሰ ጡር አገኘሁ። ክኒን ልትወስድ ሄዳ "ሲመጣ እንጠራሻለን" ተብላለች። አንድም ፍሬ አልደረሳትም። ካርዷን ተቀብዬ አየሁት። 30 ይላል።

ይህ ሳምንት ሳያልፍ ክኒኑን ያድርሱላት። መልስዎን ለእኔ አይላኩልኝ፤ ጤና ጣቢያው ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ያስለጥፉት። ማንበብ ለማይችሉት እናቶች እኔ ቆሜ አነብላቸዋለሁ።

አንዲት የሳይንስ መምህርት
ጎጃም