ጥንዶች በጉዞ መሃል ቢለያዩ ምን አለበት?

ለተከበሩ የጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፣

ሥራቸውን ለቅቀው፣ ቦርሳቸውን አዝለው ከአህጉር ወደ አህጉር መሄድ ለሚያስቡ ባልና ሚስት በጉዞ ዓምዳችሁ ያወጣችሁትን ጽሑፍ ከነካርታው አነበብኩት። ባለቤቴና እኔ እንዲህ ያለውን ኑሮ ለዓመታት ስለኖርነው፣ ስለ ቦርሳ ክብደትና ስለ ጫማ የተባለውን ልክ ነው፣ ልክ ነው እያልኩ ነው የጨረስኩት። ነገር ግን ጸሐፊው «ጥንዶች ለአንድ ሌሊት እንኳ መነጣጠል የለባቸውም» ያሉት ላይ ስደርስ ብዕር አነሳሁ።

እኔ የምለው ተቃራኒውን ነው። ረጅም መንገድ የጀመሩ ባልና ሚስት የት እንደሚለያዩና የት እንደሚገናኙ አስቀድመው መነጋገር አለባቸው። እነሱ ባይነጋገሩበትም ባሕሩ ወይም የቪዛው ቀን በማይመቻቸው ሰዓት መለያየቱ አይቀርም። ካልሆነም አንዱ ሌላውን እየጎተተ፣ ሁለቱም የማይወዱትን መንገድ ይሄዳሉ።

በካርታው ልጀምር። ከአላስካ እስከ አርጀንቲና ደቡባዊ ጫፍ ያሰመራችሁት ቀይ መስመር የትም ቦታ አይቆረጥም፤ የፓን አሜሪካን አውራ ጎዳና ግን ይቆረጣል። ፓናማ ውስጥ ያቪዛ ላይ ሲደርስ ያልቅና ኮሎምቢያ ውስጥ ቱርቦ አካባቢ እንደገና ይጀምራል። መሃሉ ላይ ያለው ዳሪየን የሚባለው ጫካና ረግረግ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ብዙ ስደተኞች ሕይወታቸውን ያጡበት እንጂ ለሽርሽር የሚገባበት አይደለም። ቦርሳ ላዘለ ተጓዥ የሚቀረው ወይ ከፓናማ ሲቲ መብረር፣ ወይ በሳን ብላስ ደሴቶች በኩል በሸራ ጀልባ ካርታኼና ወደምትባለው የኮሎምቢያ የወደብ ከተማ መሻገር ነው። ጀልባው አራት አምስት ቀን ይፈጃል። መጀመሪያ ላይ ከደሴት ደሴት እየተዋኘ ይኬዳል፤ ከዚያ በኋላ መሬት የማይታይበት ባሕር ይመጣል።

እኔ ደግሞ ጀልባዋ ገና ከወደቡ ሳትርቅ ሆዴ የሚገለበጥ ሰው ነኝ። ባለቤቴ በበኩሉ የካሪቢያንን ባሕር በሸራ ማቋረጥ ከልጅነቱ ጀምሮ ሲመኘው የኖረ ነገር ነው። በጸሐፊው ሕግ ብንሄድ ኖሮ ወይ እኔ ያን ሁሉ ሌሊት ባልዲ አቅፌ አድር ነበር፣ ወይ እሱ አውሮፕላን መስኮት ላይ ተለጥፎ ከታች ያሉትን ጀልባዎች እየቆጠረ ያኮርፍ ነበር። እሱ በጀልባ ሄደ፤ እኔ ከአንድ ሰዓት ብዙም በማይበልጥ በረራ ካርታኼና ገባሁና የድሮውን ከተማ ግንብ በራሴ እርምጃ ዞርኩት። ማንንም ሳልጠብቅ፣ ማንም ሳይጠብቀኝ። እሱ ቆዳው በፀሐይ ተልጦ፣ ጨው ጨው እየሸተተ ሲደርስ የሁለታችንም ወሬ ሌሊቱን አልበቃውም። ይህን ጸሐፊው ያሰቡበት አይመስለኝም፤ ሃያ አራት ሰዓት አብረው የሚውሉ ሰዎች ወሬ ያልቅባቸዋል። ሁለታችሁም ያያችሁትን ማን ለማን ይተርካል?

(በነገራችን ላይ በዚያ መንገድ የጀልባው ካፒቴን የመውጫና የመግቢያ ማህተም ለማስመታት የሁሉንም ፓስፖርት ይሰበስባል። ቅጂውን እናንተ ዘንድ ሳታስቀሩ እንዳትሰጡ።)

ወደ ቪዛው ልለፍ። ጽሑፉ ባልና ሚስት በአንድ ፓስፖርት እንደሚጓዙ አድርጎ ነው የሚያወራው። እኛ የያዝነው የተለያየ አገር ፓስፖርት ነው። እሱ የሼንገን ስምምነት ወዳለባቸው፣ ለመግቢያና ለቆይታ እንደ አንድ አገር ወደሚቆጠሩት 29 የአውሮፓ አገሮች ያለ ቪዛ ይገባል፤ ሕጉ በማናቸውም 180 ቀናት ውስጥ ከ90 ቀን በላይ እንዳይቆይ ብቻ ይከለክለዋል። እኔ ቀጠሮ ይዤ፣ የባንክ ደብተሬን አሳይቼ፣ አሻራ ሰጥቼ ያገኘሁት ቪዛ 30 ቀን የሚል ነበር። ቪዛው ላይ «ከዚህ ቀን እስከዚህ ቀን» የሚለው ሰፋ ያለ ስለሆነ ብዙ ሰው ይሳሳታል፤ በዚያ ወሰን ውስጥ መቆየት የሚቻለው ለብቻው የተጻፈውን የቀን ብዛት ያህል ነው። ሁለተኛው ስህተት ደግሞ አንድ ቀን ወጥቶ መመለስ ቆጠራውን ከዜሮ ያስጀምራል ብሎ ማሰብ ነው። አያስጀምርም፤ በእያንዳንዱ ቀን ወደ ኋላ 180 ቀን ተቆጥሮ ነው የሚታየው። እ.ኤ.አ. ከኦክቶበር 2025 ጀምሮም በማህተም ፈንታ ፎቶና አሻራ የሚመዘግብ ሥርዓት ደረጃ በደረጃ ሥራ ስለጀመረ፣ የደበዘዘ ማህተም ያድነኛል ብሎ ተስፋ ማድረግ አይቻልም።

ታዲያ የእኔ 30 ቀን ሲያልቅ ሁለታችንም መውጣት ነበረብን? እሱ በፈረንሳይና በስፔን መካከል ያሉትን የፒሬኒስ ተራሮች ከአትላንቲክ እስከ ሜዲትራኒያን በእግሩ ለመሄድ ገና ጫማውን ማሰሩ ነበር። እሱን እዚያው ትቼ ለቱርክ ቪዛ አውጥቼ ወደ ኢስታንቡል ሄድኩ፤ በእስያው በኩል ኡስኩዳር ውስጥ አንድ ክፍል ተከራየሁ። በዚያ ጊዜ ውስጥ የቀጣዮቹን አገሮች የቪዛ ማመልከቻ ሁሉ ሰነዱን አሟልቼ ጨረስኩ፤ አብረን እየተንከራተትን ቢሆን ኖሮ የማይታሰብ ነው። እሱ ከአውሮፓ በየብስ መጥቶ፣ እ.ኤ.አ. በ2013 በተከፈተው፣ ኢስታንቡልን ለአውሮፓና ለእስያ በሚከፍለው በቦስፎረስ ባሕር ሥር በሚያልፈው ባቡር ተሻገረ። በአውሮፓው በኩል ካለው ከሲርኬጂ ጣቢያ ኡስኩዳር አራት ደቂቃ ገደማ ነው፤ አህጉር ለመቀየር ከዚህ የቀለለ መንገድ አላውቅም። በቤሪንግ ወሽመጥ ግን እስያና አሜሪካን የሚለያያቸው 85 ኪሎ ሜትር ያህል ሆኖ ሳለ ድልድይም መደበኛ የመንገደኛ ጀልባም የለም። ከኢንዶኔዥያ ወደ አውስትራሊያም እንዲሁ መደበኛ የመንገደኛ መርከብ አታገኙም።

ለዚህም ነው ጸሐፊው አብነት አድርገው ያነሷቸው፣ ሎንሊ ፕላኔት የተባለውን የጉዞ መጻሕፍት አሳታሚ የመሠረቱት ቶኒና ሞሪን ዊለር ጥሩ ምሳሌ አልመስል ያሉኝ። እነዚህ ባልና ሚስት እ.ኤ.አ. በ1972 ከእንግሊዝ ተነስተው በአሮጌ መኪና አፍጋኒስታን ደረሱ፣ መኪናዋን እዚያ ሸጡ፣ ከዚያ ወዲያ ባገኙት ሁሉ እየተሳፈሩ ባሊ ገቡና በሰው የሸራ ጀልባ ወደ ምዕራብ አውስትራሊያ ተሻገሩ። ድንቅ ጉዞ ነው፤ ሳይነጣጠሉ መዝለቃቸውም እውነት ነው። ግን እ.ኤ.አ. በ1979 የኢራን አብዮትና የሶቪየት ጦር አፍጋኒስታን መግባት ያንን መንገድ ዘጉት። የዛሬ ጥንዶች ያንን መስመር ልከተል ቢሉ የሚያገኙት ሌላ ዓለም ነው።

እኔ ብሆን የማነሳው ዴንማርካዊውን ቶርቢዮርን ፔደርሰንን ነበር። እ.ኤ.አ. ከ2013 እስከ 2023 አንድም ጊዜ አውሮፕላን ሳይሳፈር፣ ውቅያኖሱን በጭነት መርከብ ጭምር እያቋረጠ የዓለምን አገሮች ሁሉ አዳርሷል። እጮኛው እቤቷና ሥራዋ ላይ ሆና፣ በየጊዜው ወዳለበት አገር እየበረረች ትጎበኘው ነበር፤ በጉዞው መሃልም ተጋቡ። እንደዚያ ያለ ርቀት ለሁሉም ይሁን አልልም። እኔ ራሴ አልችለውም። ሆኖም ጥቂት ሳምንት መለያየት ትዳር ያፈርሳል የሚለውን ስጋት ለማቅለል ይበቃል።

ፈጽሞ የማልለይበት ጊዜም አለ። ላፓዝ ከባሕር ጠለል በላይ 3,600 ሜትር ላይ ያለች የቦሊቪያ ከተማ ናት፤ አውሮፕላን ማረፊያዋ ደግሞ ከ4,000 ሜትር በላይ ነው። ከፍ ባለ ቦታ ኦክስጅን ሲያንስ የሚመጣው የከፍታ ሕመም ብርቱና ደካማ አይለይም። ከሁለታችን ጠንካራው ባለቤቴ ራሱን ይዞ፣ እያስመለሰው ወደቀ፤ በእግሩ ሁሉ መንገዳገድ ጀመረ። እንዲህ ያለ ሰው «ትንሽ ይተኛ» ተብሎ ብቻውን አይተውም፤ ሚዛን መሳት አደገኛ ምልክት ነው፣ መድኃኒቱም ሳይዘገዩ መውረድ ነው። አብሬው ኮሮይኮ ወደምትባለው ዝቅ ያለች ከተማ ወረድኩ። ደህና ሆኖ መጽሐፉን ሲገልጥ ነው ወደ ኡዩኒ የጨው ሜዳ ብቻዬን የወጣሁት። ሁለታችንም ጤነኞች መሆናችን ለእኔ የመጀመሪያው ቅድመ ሁኔታ ነው።

ሌላው ዝግጅት ነው። ገንዘቡም የባንክ ካርዱም ለሁለት ይከፈላል፤ ከአንድ ሂሳብ የወጡ ሁለት ካርዶች ባንኩ ሂሳቡን ሲያግደው አንድ ላይ ስለሚሞቱ የተለያየ ባንክ ይሻላል። የየራስ መድኃኒት በየራስ ቦርሳ። የቢጫ ወባ ክትባት ካርድ ከፓስፖርቱ ጋር ይሁን፤ እ.ኤ.አ. ከ2016 ወዲህ ለዕድሜ ልክ ያገለግላል፣ ግን ባልሽ ቦርሳ ውስጥ ሌላ አገር ከቀረ ድንበር ላይ አያገለግልሽም። የመገናኛው ቦታ አድራሻ በወረቀት ይጻፍ፤ ስልክ ይሰረቃል። ያ ቦታ ቢዘጋ ወዴት እንደሚኬድም አብሮ ይጻፍ።

ስለ ኢንሹራንስ ግን በደንብ የሚያውቅ ሰው እንዲጽፍበት እፈልጋለሁ። አንዳንድ የጥንድ ውሎች ዋስትና የሚሰጡት ሁለቱ አብረው ሲጓዙ ብቻ ነው፤ አንዳንዶቹ ከተወሰነ ከፍታ በላይ የደረሰን ጉዳት አይሸፍኑም። ይህ በውሉ መጨረሻ በደቃቅ ፊደል ስለሚጻፍ የሚያነበው የለም። ዓምዱ በሚቀጥለው ጊዜ ከቦርሳና ከጫማ ወጥቶ አንድ የዋስትና ባለሙያ ቢያነጋግር ደስ ይለኛል።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር፣
የዓምዳችሁ አንባቢ