ይድረስ ለኢትዮጵያ ቅርስ ባለሥልጣን፦ ከመረዋው ጎን የተሰቀለውን ብረት መጥታችሁ እዩልን

ጤና ይስጥልኝ።

የምጽፍላችሁ ስለ አንድ ቁራጭ ብረት ነው። ከወልድያ በላይ፣ በአያቴ አገር፣ በሚካኤል ቤተ ክርስቲያን ግቢ ውስጥ ከድንጋዩ መረዋ ጎን በጠፍር ታስሮ ተንጠልጥሏል። ዲያቆኑ ሲመታው ድምፁ ወንዙን ተሻግሮ ይሰማል። ባለፈው ዓመት ለኅዳር ሚካኤል ስሄድ ፈቃድ ጠይቄ በስንዝር ለካሁት። ቁመቱ አራት ስንዝር ይሆናል። ጎኑ ጎበጥ ያለ ነው፤ አንደኛው ጫፉ እንደ ተቀደደ ጨርቅ ተተርትሯል። ውስጡን በጣቴ ስዳስሰው የብየዳ መስመር አገኘሁ። ሰዉ ሁሉ «የጣሊያን ጊዜ ቦምብ ነው» ይላል። ከዚያ ያለፈ የሚያውቅ የለም።

አያቴ ያኔ የጥጃ እረኛ ነበሩ። አውሮፕላኑን «ሦስት አፍንጫ ያለው» ነበር የሚሉት፤ አንዱ ፊቱ ላይ፣ ሁለቱ ክንፉ ላይ። ልጅ ሆኜ የተረት አውሬ ይመስለኝ ነበር። ካደግሁ በኋላ የአውሮፕላኖቹን ፎቶ ሳይ ነው አያቴ ያዩትን ልክ እንዳዩት እንደነገሩኝ የገባኝ።

በ1928 ዓ.ም. በሰማያችን ላይ የመጡት የጣሊያን ቦምብ ጣዮች በአብዛኛው ባለ ሦስት ሞተር ነበሩ። ካፕሮኒ 101፣ እሱን አሻሽለው የሠሩት ካፕሮኒ 133፣ እና ሳቮያ ማርኬቲ ኤስ ኤም 81። ይህን የመጨረሻውን ራሳቸው «ፒፒስትሬሎ» አሉት፤ የሌሊት ወፍ ማለት ነው። አሌሳንድሮ ማርኬቲ ከመንገደኛ ማመላለሻ አውሮፕላን አውጥቶ ነደፈው። ለመጀመሪያ ጊዜ የበረረው የካቲት 1 ቀን 1927 ዓ.ም. ነው። ዓመት እንኳ ሳይሞላው እኛ ላይ ደረሰ።

ለምን ሦስት ሞተር? በጊዜው የጣሊያን ሞተሮች ጉልበት ውስን ስለነበር ሁለቱ ብቻ ከባድ ጭነት በደንብ አይሸከሙም። አንዱ ቢጠፋ ደግሞ በሁለቱ ተጎትቶ ቤቱ ይገባል፤ በረሃና ገደል ላይ ለሚበር ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ችግሩ አፍንጫው በሞተር መያዙ ነው። ቦምብ አነጣጣሪው ከፊት ተቀምጦ ቁልቁል ማየት ስለማይችል ከሆድ በታች ቦታ ይበጁለት ነበር። የኤስ ኤም 81 አካል በብረት ቱቦ የተዋቀረ ነው፤ ክንፉ እንጨት ነው። እግሩ አይታጠፍም፤ ትልልቅ ሽፋን ለብሶ ተንጠልጥሎ ይበራል። እስከ 2,000 ኪሎ ቦምብ ይጭናል። የካፕሮኒም እግር አይታጠፍም፣ ፍጥነቱም ከኤስ ኤም 81 ያነሰ ነው። ተዋጊ አውሮፕላን ያለው አገር ላይ ቢሆን ኖሮ በቀላሉ ይለቀሙ ነበር። እኛ ግን የሚያባርራቸው አንድም ተዋጊ አውሮፕላን አልነበረንም።

መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. አድዋን ደበደቡ። ካፕሮኒ 101 ካበረሩት ውስጥ የሙሶሊኒ ልጆች ቪቶሪዮና ብሩኖ፣ አማቹም ጋሌአሶ ቻኖ ነበሩበት። ኅዳር 26 ደሴ ተራዋ ደረሰ፤ ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸው እዚያ ነበሩ፣ የቀይ መስቀል ምልክት ያለበት ሆስፒታልም ተመታ። ታኅሣሥ 20 በደቡብ ግንባር መልካ ዲዳ ላይ የስዊድን ቀይ መስቀል ድንኳኖች ተደበደቡ። የካቲት 25 ኮረም አካባቢ የእንግሊዝ ቀይ መስቀል። በማይጨው መጋቢት 22 ከተዋጋን በኋላ ደግሞ ወደ ኋላ የሚመለሰውን ሠራዊት አሸንጌ ሐይቅ ዳር ሜዳ ላይ እያገኙ ፈጁት።

ከዚህ ሁሉ እኔን የሚያስጨንቀኝ ጋዙ ነው። ሲ 500 ቲ የሚባል ቦምብ ነበራቸው። ክብደቱ 280 ኪሎ ያህል ሲሆን ከዚያ ውስጥ 212 ኪሎው የሰናፍጭ ጋዝ የምንለው መርዝ ነው። ስሙ ጋዝ ይሁን እንጂ ዘይት የመሰለ ፈሳሽ ነው። ቦምቡ መሬት ሳይደርስ፣ 250 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ይከፈትና ፈሳሹን እንደ ካፊያ ይረጨዋል። ሣሩ ላይ ይቀራል፤ ቆይቶም ቢሆን የነካውን ይልጣል። የእኛ ሰው ደግሞ አብዛኛው በባዶ እግሩ ነበር። ንጉሠ ነገሥቱ ሰኔ 23 ቀን 1928 ዓ.ም. ጄኔቭ ላይ ሲናገሩ፣ አውሮፕላኖች ዘጠኝ፣ አሥራ አምስት፣ አሥራ ስምንት ሆነው ተከታትለው እየረጩ መርዙን እንደ አንድ ወጥ ጉም አገሩ ላይ እንደዘረጉት ተናግረዋል። ጣሊያን ግን ለአሥርተ ዓመታት ካደች። የመከላከያ ሚኒስትሯ በይፋ ያመነው እ.ኤ.አ. በ1996 ነው። ታሪክ ጸሐፊው አንጄሎ ዴል ቦካ ዕድሜውን ሙሉ ሰነድ ይዞ ባይጨቀጭቃቸው ኖሮ ያም መቅረቱ ነበር።

አያቴ ሣሩ ላይ ተኝቶ ያደረ ጥጃ ሆዱ ተላጦ እንደሞተ ይነግሩኝ ነበር። «ዝናብ ያልሆነ ዝናብ» ነበር የሚሉት። አሁን እኔ ያን ብረት ሳይ ይህን ነው የማስበው። ተራ ፈንጂ ነው ወይስ የመርዙ ቀፎ? ሰባት ቤት ጎረቤት እሑድ ጠዋት የሚነቃበት ደወል ምን ተሸክሞ ነበር የመጣው? ይህን በግምት መናገር አልፈልግም። የብረቱን ውፍረት፣ ብየዳውን፣ አቀዳደዱን አይቶ የሚፈርድ ባለሙያ ያስፈልጋል። ያለው ደግሞ በእናንተ በኩል ነው።

ጥር 21 ቀን 2016 ዓ.ም. «ፀሐይ» ስትመለስ እንደ ብዙ ሰው እኔም አለቀስኩ። በ1928 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ጀርመናዊው ሉድቪግ ቬበር ከእኛ ሠራተኞች ጋር የገጣጠማት ባለ አንድ ሞተር፣ ባለ ሁለት መቀመጫ፣ እንጨትና ጨርቅ የለበሰች ትንሽ አውሮፕላን። ሮም አጠገብ ቪኛ ዲ ቫሌ ሙዚየም ውስጥ ስንት ዘመን ተቀመጠች። እዚያው ሙዚየም ውስጥ የኤስ ኤም 81 ወንድም የሆነው ኤስ ኤም 79 ታድሶ፣ ቀለም ተቀብቶ ቆሟል። እነሱ ማሽናቸውን በስሙና በቁጥሩ ያውቁታል። እኛ ግን «የጠላት አውሮፕላን» ብለን እናልፈዋለን፤ ፀሐይን ለልጆቻችን ስናሳይ ከፊቷ ምን እንደቆመባት አንነግራቸውም። እኔ ያነበብኳቸው የውጭ ጽሑፎችም የኤስ ኤም 81ን የጦርነት ታሪክ ከስፔን ይጀምሩታል፤ በሐምሌ 1928 ዓ.ም. ከሰርዲኒያ 12 ሆነው ተነስተው፣ ሦስቱ መንገድ ላይ ቀርተው፣ ዘጠኙ ሞሮኮ እንደገቡ ይተርካሉ። የእኛ ኅዳርና መጋቢት አንድ መስመር ይሰጠዋል፣ አንዳንዱ ጋ እሱም የለም።

እንግዲህ የምለምናችሁ ይህን ነው። አንደኛ፣ ባለሙያ ላኩና ብረቱን ይመዝግብልን፣ ይለካ፣ ፎቶ ይነሳ። ይወሰድ አላልኩም። የሚካኤል ነው፣ እዚያው ይደወል። ግን አጠገቡ ከየትኛው አውሮፕላን፣ ምን ሆኖ እንደወደቀ የሚናገር ጽሑፍ ይኑር። በወሎ፣ በትግራይ፣ በዋግ እንዲህ ያለ ቀፎ የሰቀለ ቤተ ክርስቲያን የእኛው ብቻ አይመስለኝም። ለቆራሌው ሳይሸጥ ቶሎ ይቆጠር። ሌላው ደግሞ የደኅንነት ነገር ነው። ሰው በእርሻው ያገኘውን ብረት በመጥረቢያ ይከፍታል። ያልፈነዳ ነገር ሲያገኝ እንዳይነካ፣ ለማን እንደሚናገር የሚያስረዳ አንድ ገጽ ወረቀት ለየቀበሌው ብትበትኑልን የሰው ሕይወት ታተርፋላችሁ።

ጊዜውን በተመለከተ፣ ክረምት ላይ መንገዱ ጭቃ ስለሆነ ከመስከረም በኋላ ብትመጡ ይሻላል። ቄሰ ገበዙን አነጋግሬያቸዋለሁ፣ «ይምጡ፣ ይዩት፣ ብቻ በቅዳሴ ሰዓት አይሁን» ብለዋል። ሜትርና ሚዛን ያዙ። በዕድሜ የገፉ ሁለት እናቶች አሉ፣ የወላጆቻቸውን ወሬ በቃላቸው የያዙ፤ መቅጃም አትርሱ። የአያቴ ቤት ከቤተ ክርስቲያኑ ቁልቁል ነው። ማደሪያ አለ።