ድሬ ላይ ሳር ከፈለግን ሰርዶ አለን

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ

ጤና ይስጥልኝ። የምጽፈው ከድሬዳዋ ነው፣ ጉዳዩም የጊቢ ሳር ነው። ሰሞኑን እዚህ ቤት የሰራ ሰው ወይ ከአዲስ አበባ በአይሱዙ ሳር አስጭኖ ያመጣል ወይ ደግሞ ፕላስቲኩን ሳር በካሬ ገዝቶ ያነጥፋል፣ ሁለቱም ገንዘብ ማባከን ነው ብዬ ስለማምን ነው ለአንባቢ ይድረስልኝ የምለው።

ከአዲስ አበባ የሚመጣው ብዙውን ጊዜ ኪኩዩ የሚባለው ሳር ነው፣ ቅጠሉ ሰፋ ያለ፣ ሲረግጡት እንደ ፍራሽ የሚለሰልስ። ቆንጆ ሳር አይደለም አልልም፣ ግን የደጋ ሳር ነው፣ አገሩ የምስራቅ አፍሪካ ከፍታ ቦታ ነው። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፣ ድሬ 1,200 አካባቢ። እዚያ የሚዘንበው ዝናብ እኛ ጋ ከሚዘንበው እጥፍ ይጠጋል። ታዲያ ክረምት ላይ ሲተከል ደስ ብሎት ይይዛል፣ ባለቤቱም ደስ ይለዋል፣ ግንቦትና ሰኔ መጥቶ ሙቀቱ 35 ዲግሪ ሲያልፍ በየቀኑ ውሃ ካላገኘ ይቃጠላል፣ ቧንቧ ደግሞ በየቀኑ አይመጣም፣ ይሄን የድሬ ሰው ሁሉ ያውቃል።

ፕላስቲኩማ ጭራሽ። ፀሐይ ላይ የተነጠፈ ፕላስቲክ ሳር ከ60 ዲግሪ በላይ ሊግል ይችላል፣ ልጅ በባዶ እግሩ ሊረግጠው አይችልም። ሳር የምንፈልገው ጊቢው እንዲቀዘቅዝልን አይደል እንዴ?

አቦ ሰርዶ እያለ! ገበሬው ከማሳው ነቅሎ ነቅሎ የማይጨርሰው ሰርዶ፣ ፈረንጆቹ ቤርሙዳ ግራስ የሚሉት፣ ፊኒክስና ዱባይ ያሉት የጎልፍ ሜዳዎች የሚለብሱት እሱኑ ወይም ከሱ የተዳቀለውን ነው። ሥሩ አፈሩ ከፈቀደለት ከሜትር በላይ ይወርዳል፣ ጨው ይችላል፣ ውሃ ሲያጣ ይደርቅና ቡኒ ይሆናል ግን አልሞተም፣ ዝናብ ሲነካው ተመልሶ ይለመልማል። ስለዚህ በበጋ ቡኒ ሆነ ብሎ ሳሩን ገልብጦ ሲሚንቶ ማፍሰስ አያስፈልግም፣ ይተኛ።

አተካከሉም ቀላል ነው። ዘር አያስፈልግም፣ መሬት ለመሬት የሚሳበውን ግንዱን ከነ አንጓው ቆራርጦ ሐምሌ መጀመሪያ ላይ ዝናቡ ሲገባ በደንብ የበሰበሰ ፍግ በተቀላቀለበት አፈር ውስጥ መቅበር ነው። እስኪይዝ ድረስ ሁለት ሶስት ሳምንት አፈሩ እንዳይደርቅ መጠበቅ፣ ከዚያ በኋላ ግን ውሃውን ማራራቅ።

ዋናው ነገር ይሄ ውሃው ነው። ሰው ማታ ማታ ጎማ ይዞ ለአስር ደቂቃ ላዩን ብቻ እርጥብ እርጥብ ያደርገዋል፣ እንደዛ ሲለምድ ሥሩ እላይ ይቀራል፣ ሥሩ እላይ የቀረ ሳር ደግሞ ውሃ በጠፋ በሳምንቱ ይከዳል። በሳምንት አንዴ ወይ ሁለቴ፣ በጠዋት፣ ጠለቅ አድርጎ ማጠጣት ነው የሚሻለው። መድረሱን ለማወቅ ካቻቢቴ ወስዶ መሬቱ ላይ መጫን ነው፣ አንድ 15 ሳንቲም ያለ ችግር ከገባ በቂ ነው። ቀጣዩ ውሃ መቼ እንደሆነ ሳሩ ራሱ ይናገራል፣ ረግጠኸው ስትሄድ ዱካህ ቶሎ ካልተነሳና ቀለሙ ወደ ግራጫ ከሄደ ጠምቶታል ማለት ነው።

መጠኑን እናስላው። በሞቃቱ ወር ለአንድ ካሬ በሳምንት 25 ሊትር ገደማ ይፈልጋል። 100 ካሬ ሳር ያለው ሰው በሳምንት 2,500 ሊትር ማለት ነው፣ አስራ ሁለት በርሜል ተኩል፣ ጎረቤቱ ጀሪካን ይዞ በሚዞርበት ከተማ ይሄ ነውር ነው ብዬ በግልጽ እናገራለሁ። 20 ካሬ ግን 500 ሊትር ነው፣ ከዚህ የተወሰነውን የልብስ ማለቅለቂያ ውሃ ይሸፍነዋል (በረኪና የገባበት እንዳይሆን፣ የመጀመሪያውን የሳሙና ውሃም ተዉት)። ልጆች የሚጫወቱበት፣ ማታ ወንበር የሚወጣበት 20 ካሬ ለአንድ ቤተሰብ ይበቃል፣ ሌላው ጠጠር ይሁን፣ ዛፍ ይሁን። ውሃ የምታጠራቅሙበትን በርሜል ደግሞ እባካችሁ ክደኑት፣ ድሬ በ2006 ዴንጊ፣ በ2011 መጨረሻ ቺኩንጉኒያ የተባሉት ትንኝ የሚያስተላልፋቸው በሽታዎች ምን እንዳደረጓት አይተናል፣ ትንኟ የምትፈለፈለው ክፍት በርሜል ውስጥ ነው።

ብዙ ሰው የሚሳሳትበት አንድ ነገር አለ፣ ሳሩ ቢጫ ሲሆን ዩሪያ መበተን። የድሬ ውሃ ኖራው ብዙ ነው፣ ማንቆርቆሪያችን ውስጥ የሚጋገረውን ነጭ ነገር አስቡት፣ አፈሩም እንደዛው ነው። እንዲህ ያለ አፈር ብረቱን ይይዝና ለሳሩ አይሰጠውም፣ የቅጠሉ ጅማት አረንጓዴ ሆኖ መሀል መሀሉ ቢጫ ከሆነ ችግሩ ይሄ ነው፣ ዩሪያ አያድነውም። ኮምፖስት በየጊዜው ስስ አድርጎ መበተን ቀስ እያለ ያስተካክለዋል።

ሰርዶ ጥላ አይወድም። ኒም ዛፍ ስር አትትከሉት፣ ይሳሳና ይጠፋል፣ እዛ ወንበር አድርጉበት። ደግሞ ይሄዳል፣ ጎመኑም ጋ አበባውም ጋ ይገባል፣ ዳር ዳሩን ወደ 30 ሳንቲም ጥልቀት ድንጋይ ካልቀበራችሁ በዓመቱ ስትነቅሉ ትውላላችሁ።

አሁን ደግሞ ወደ መንገዱ ልምጣ። በየከተማው በኮሪደር ልማት የመንገድ ዳር ሁሉ አረንጓዴ እየሆነ ነው፣ ደስ ይላል፣ ግን ማንም የማይቀመጥበት የአስፋልት መሀል ላይ ሳር ተክሎ በቆላ ከተማ በቦቴ ማጠጣት ትክክል አይመስለኝም። ብዙ ወገኖቻችን የሚኖሩበት ላስ ቬጋስ ያለችበት የኔቫዳ ግዛት በ2021 እንደ ፈረንጆቹ ሕግ አውጥቶ በመንገድ ዳርና በመስሪያ ቤት ደጅ ለጌጥ ብቻ የተተከለ ሳር ከ2027 ጀምሮ በኮሎራዶ ወንዝ ውሃ እንዳይጠጣ ከልክሏል፣ የግለሰብ ቤትን አልነካም። ሀብታም አገር እንዲህ ካሰበች እኛማ። መንገዱ ዳር ሰፈራችንን ከዚራን ከዚራ ያደረጋት ዓይነት ትልልቅ ጥላ ያለው ዛፍ ይተከል፣ ሳሩ ሰው የሚቀመጥበት መናፈሻ ውስጥ ይሁን።

የከተማችን ችግኝ ጣቢያዎች ደግሞ ዛፍና አበባ ብቻ ሳይሆን ሰርዶም ቢያባዙና ከሐምሌ በፊት በጆንያ ቢሸጡልን ሰው ለአይሱዙ ኪራይ አያወጣም ነበር። የሚመለከተው ሰው ይሄን ካነበበ ለዘንድሮ ክረምት ይድረስልን።

የከዚራ አንባቢያችሁ፣ ድሬዳዋ